ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ማን ይጠይቅ?

የሾላ ገበያ ነጋዴዎች፣ የዕድር ዳኞችና አባላት፤ ስለ ልብ ሕመም ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ጨው ቀንሱ፣ ሲጋራ ተዉ፣ ግፊታችሁን ተለኩ የሚል ምክር ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ዛሬ ግን ሌላ ነገር ላነሣ መጥቻለሁ። ደረታቸው ተከፍቶ ሰው ሠራሽ ቫልቭ የገባላቸው፣ በሌላ አገር ደግሞ ደም የሚገፋ ፓምፕ የተተከለላቸው ሰዎች ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ በውስጣቸው ምን ያሳልፋሉ? በዙሪያቸው ያለነውስ ምን ልናደርግላቸው እንችላለን?

መጀመሪያ ስለ መሣሪያዎቹ በአጭሩ እነግራችኋለሁ። ቀጥዬ መሣሪያውን የተሸከመው ሰው ስለሚገጥመው ፍርሃትና ብቸኝነት እናገራለሁ፤ ረዘም አድርጌ የምቆየው እዚያ ላይ ነው። በመጨረሻ ይህች ከተማ በሌላ ሕመም ምክንያት የተማረችውንና ለልብ ሕሙማን ገና ያላዋለችውን ነገር አነሣለሁ።

እኛ አገር ብዙ ወጣቶችን ለልብ ቀዶ ሕክምና የሚያደርሰው ሕመም የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ልጅ ቶንሲል ይታመማል፤ ትኩሳቱ ሲበርድ ተሻለው ተብሎ ይተዋል። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ በጊዜው በፔኒሲሊን ካልታከመ ግን በአንዳንድ ልጆች ላይ የሰውነት መከላከያ ራሱ ተሳስቶ መገጣጠሚያንና ልብን ያጠቃል። የመገጣጠሚያው ቁርጥማት ያልፋል፤ ልብ ላይ የተወው ጠባሳ ይቀራል። ልብ ውስጥ ደም ወደፊት ብቻ እንዲሄድ የሚያደርጉ አራት ቫልቮች አሉ፤ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንደሚከፈት በር ቁጠሯቸው። በሩ ሲጠብ ደም አያልፍም፤ አልገጥም ሲል ደም ወደ ኋላ ይመለሳል። ያ ልጅ ዕድሜው አሥራዎቹ ውስጥ ሲገባ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሌሊት ተጋድሞ መተኛት ያቅተዋል፣ እግሩ ያብጣል። ሪውማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። እዚህ የተቀመጣችሁ ወላጆች፣ ከንግግሬ ሌላው ሁሉ ቢጠፋባችሁ እንኳ ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እንዲህ ላሉ ሕፃናት ለረጅም ጊዜ የነበረው ተስፋ ወደ ውጭ አገር መላክ ነበር። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃውን መሠረቱ፤ ከሃያ ዓመት ጥረት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ የልብ ማዕከሉ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ተከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀዶ ሕክምናውን በአብዛኛው የሚሠሩት ከውጭ የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ በኋላ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ራሳቸው ደረት ከፍተው ልብ መጠገን ጀመሩ። ወረፋ የሚጠብቁት ግን ዛሬም በሺዎች ይቆጠራሉ። ከእናንተም መካከል ለማዕከሉ ያዋጣችሁ እንደምትኖሩ እገምታለሁ። የዚያ ገንዘብ ፍሬ በየሠፈራችን ይመላለሳል፤ ሸሚዙን ካልከፈተ በቀር አናውቀውም።

የተጎዳውን ቫልቭ መጠገን ካልተቻለ በሰው ሠራሽ ይተካል። ከካርቦን የሚሠራው ቫልቭ ዕድሜ ልክ ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን ደም እንዳይረጋበት ሕመምተኛው በየቀኑ ዋርፋሪን መውሰድ አለበት። መድኃኒቱ ካነሰ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ያመጣል፤ ከበዛ ደም ይፈስሳል። ስለዚህ አይ ኤን አር የሚባለው የደም ምርመራ በየጊዜው ይደረጋል። ልኩን ሐኪሙ ነው የሚወስነው፤ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3፣ እንደ ቫልቩ ቦታም ከ2 ነጥብ 5 እስከ 3 ነጥብ 5 እንዲሆን ይፈለጋል። በዚህች ጠባብ ሜዳ ላይ ዕድሜ ልክ መመላለስ ማለት ነው።

ፓምፑ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ጤነኛ ልብ በደቂቃ ወደ 5 ሊትር ደም ይገፋል። የልብ ጡንቻ በጣም ደክሞ ይህን ማድረግ ሲያቅተው፣ ደም የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ ከልቡ ጫፍ ጋር ይተከላል። ከፓምፑ የሚነሣ ገመድ በሆድ ቆዳ በኩል ወጥቶ ወገብ ላይ ከሚታጠቅ መቆጣጠሪያና ከሁለት ባትሪዎች ጋር ይገናኛል። በአሁኑ ጊዜ በስፋት የሚተከለው ሃርትሜት 3 በባትሪ እስከ 17 ሰዓት ይሠራል፤ ሌሊት ሰውየው የሚተኛው ከግድግዳ ሶኬት ጋር ተያይዞ ነው። ገንዳ ውስጥ ገብቶ መታጠብም ሆነ መዋኘት አይፈቀድለትም። ደሙ ያለማቋረጥ ስለሚፈስስ ብዙዎቹን የእጅ አንጓቸውን ይዛችሁ ብትዳስሱ የደም ሥራቸው ምት ላይሰማችሁ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ይህ ፓምፕ ከገባላቸው ሰዎች 58 በመቶዎቹ ከ5 ዓመት በኋላም በሕይወት ነበሩ። ያለ ፓምፑ ብዙዎቹ ዓመት ባልሞላቸው ነበር። እኛ አገር ይህ የተለመደ ሕክምና አይደለም፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ለምን እንደሚከብድ መገመት አያቅታችሁም። ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ሊያገኙት ይችላሉ፤ ዘመዳችሁ ደውሎ "ፓምፕ አስገቡልኝ" ቢላችሁ ምን ማለቱ እንደሆነ እንድታውቁት ነው የነገርኳችሁ።

ስለ መሣሪያዎቹ ይህን ያህል ካልኩ ይበቃል። አሁን ወደ ሰውየው ልሻገር።

የካርቦን ቫልቭ ድምፅ አለው። በከፈተና በዘጋ ቁጥር ቀጭ ይላል። ቀን ገበያው ሲጯጯህ አይሰማም፤ ሌሊት ሁሉ ነገር ጸጥ ሲል ይሰማል። በነርስነት ሥራዬ ካገኘኋቸው ሕመምተኞች ብዙዎቹ የነገሩኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። አንዳንዱ ድምፁን እየቆጠረ ያነጋል፤ ትንሽ የዘገየ ሲመስለው ተነሥቶ ይቀመጣል። አንዳንዱ ደግሞ ድምፁ ሲሰማው ደስ ይለዋል፤ እየሠራ ነዋ። በየቀኑ ወደ መቶ ሺህ ጊዜ የሚመታ ልብ ሌሎቻችን ሳናስበው ያልፋል። እነሱ ግን ሳያስቡት እንዲያልፍ አልተፈቀደላቸውም። ስለዚህ "አታስብ" ብሎ መምከር፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የማይቻለውን ማዘዝ ነው።

ሁለተኛው ነገር ምስጢር ነው። ደረቷ መካከል ከላይ እስከ ታች የወረደ ጠባሳ ያላት ወጣት አንገቷ የተዘጋ ልብስ ትለብሳለች። ቀጥራ የምታሠራት ሴት ብታውቅ ሥራ እንደምታጣ ትሰጋለች፤ የምትወደው ልጅ ቢያውቅ ይሄዳል ብላ ትፈራለች። ከዚያ ምስጢሩ ሕክምናው ውስጥ ይገባል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ማዕዱ ላይ ጎመን ይበዛል። ጎመን ቫይታሚን ኬ ስላለው የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል፤ ፈጽሞ አይበላም ማለት አይደለም፣ መጠኑ ግን ዛሬ በጣም ብዙ ነገ ምንም መሆን የለበትም። ይህን ለማስረዳት መድኃኒቱን መናገር አለባት፤ መድኃኒቱን ለመናገር ቫልቩን መናገር አለባት። ስለዚህ ዝም ብላ የቀረበላትን ትበላለች፣ ወይም አልበላም ብላ አክስቷን ታስቀይማለች። ለምርመራ መሄጃ ቀኗ ሲደርስም እንዲሁ ነው። ከመገናኛ ታክሲ ይዛ ጥቁር አንበሳ ደርሳ እስክትመለስ ሱቁን ማን ይጠብቅላት? የት ሄድሽ ብትባልስ? እንዲህ እንዲህ እያለ ቀጠሮው ይዘለላል። ሐኪሙ ካርዱ ላይ "መድኃኒቷን በትክክል አትወስድም" ብሎ ይጽፋል። እውነት ነው። ነገር ግን መድኃኒቱን ያስጣላት ቸልተኝነት ሳይሆን ፍርሃት ነው። ፍርሃትን በቁጣ ማከም አይቻልም።

ሴቶች ላይ ሌላ ሸክም ይጨመራል። ዋርፋሪን በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ ወራት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ መድኃኒቱን በራሷ ፈቃድ ብታቋርጠው ደግሞ ቫልቩ ላይ ደም ረግቶ እናቲቱን ሊገድላት ይችላል። ስለዚህ ከማርገዟ በፊት ከሐኪም ጋር መምከር አለባት። በወረቀት ላይ አጭር ምክር ነው። ቤቷ ግን አማት አለች፣ ጎረቤት አለ፣ በየበዓሉ "መቼ ነው የምንስመው?" የሚል ዘመድ አለ። ይህን ጥያቄ በፍቅር የምትጠይቁ እናቶች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እባካችሁ ተዉት። አንዲት ሴት ያንን ጥያቄ ሽሽት ለማንም ሳትናገር መድኃኒቷን ልታቆም ትችላለች።

ሦስተኛው የባለ ዕዳነት ስሜት ነው። ሰው ለሕክምናው አዋጥቷል፣ ቤተሰብ ላም ሸጧል፣ ወንድም ትምህርቱን አቋርጦ አስታሟል። ከዚያ በኋላ "ከፍቶኛል" ማለት ለሕመምተኛው ውለታ መካድ ይመስለዋል። ጠያቂ ሲመጣ "ተመስገን፣ ደኅና ነኝ" ይላል፤ ጠያቂውም "ፊትህ እንዴት ተመልሷል!" ብሎ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። ሁለቱም በጎ ሰዎች ናቸው። በመካከላቸው ግን አንድም እውነተኛ ቃል አልተለዋወጡም። እኛ ሕመምተኛ መጠየቅ የምናውቅበት ሕዝብ ነን፤ ሆስፒታል በር ላይ ሳህን ይዘን እንሰለፋለን። ሰው ሲሞት ደግሞ ድንኳኑ በሰዓታት ውስጥ ይቆማል። ከአልጋው እስከ ድንኳኑ ያለው አሥርና ሃያ ዓመት ነው ባዶ የሚቀረው። በደረቱ መሣሪያ የያዘ ሰው የሚኖረው ደግሞ በዚያ ባዶ ዘመን ውስጥ ነው።

ስለዚህ ባዶ ዘመን ሳስብ አንድ እንግሊዛዊ ትዝ ይለኛል። ፒተር ሃውተን ይባል ነበር፤ ሥራው የሰዎችን የልብ ጭንቀት እያዳመጠ ማማከር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ልቡ ደክሞ ሊሞት በተቃረበበት ጊዜ ኦክስፎርድ ውስጥ ጃርቪክ 2000 የተባለው ፓምፕ ተተከለለት። ፓምፑ የገባለት ሌላ ልብ እስኪገኝ ለማቆየት ሳይሆን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ እንዲያገለግለው ነበር። ኤሌክትሪኩ የሚገባው ከጆሮው ጀርባ በራስ ቅሉ ላይ በተተከለ መሰኪያ በኩል ነበር። ከሰባት ዓመት በላይ ኖረ። ከመትረፉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ በትርፍ ዕድሜው የሠራው ነው። ለበጎ አድራጎት ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዟል፤ ፓምፕ ሊገባላቸው የሚያስቡ ሰዎችንና የገባላቸውን ያማክር ነበር። ከሞት መመለስ ደስታ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሊሞት ተዘጋጅቶ የነበረ ሰው እንደገና ለመኖር መልመድ እንዳለበት በግልጽ ይናገር ነበር። ይህን ከአንድ ሐኪም ብንሰማው ትምህርት ነው። ገመዱ ከጆሮው ጀርባ ከሚታየው ሰው ሲሰማ ግን አዳማጩ ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል።

ይህ ነገር ከእርሱ በፊትም ታውቆ ነበር። የልብ ቀዶ ሕክምና ገና ጀማሪ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1951፣ አሜሪካ ቦስተን ውስጥ የዶክተር ድዋይት ሃርከን ሕመምተኞች የነበሩ አራት ሰዎች ሜንድድ ሃርትስ የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ሥራቸው ቀላል ነው፤ ነገ ደረቱ የሚከፈት ሰው አልጋ አጠገብ ሄደው ይቀመጣሉ። ማኅበሩ እስከ ዛሬ አለ። ፓምፕን በተመለከተም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የአሜሪካ የመንግሥት የጤና መድን፣ ለዕድሜ ልክ ለሚተከል ፓምፕ ገንዘብ የሚከፍለው ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ሕመምንና ጭንቀትን የማስታገስ ባለሙያ በቡድኑ ውስጥ ካለ ነው ብሎ ወስኗል። ማዳመጥ የሕክምናው አካል ሆኖ በደንቡ ውስጥ ተጽፏል ማለት ነው።

ወደ መጨረሻው ነገሬ ልምጣ፤ ለዚህ ቦስተን ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ኤች አይ ቪ በዚህች ከተማ በየቤቱ በገባበት ዘመን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ያኔም ምስጢር ነበር፤ ያኔም ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት መጣ፤ ያኔም ሰው በፍርሃት መድኃኒቱን ያቋርጥ ነበር። ምን አደረግን? ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ራሳቸው ወጡ። መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉት ማኅበራት የተመሠረቱት ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት ነው። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2005 በነጻ መታደል ሲጀምር፣ በየጤና ጣቢያው ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ተቀጥረው አዲስ ለሚጀምረው "እኔም እወስዳለሁ" ማለት ጀመሩ። እናቶች ከእናቶች ጋር ተቀምጠው ቡና እያፈሉ ተማከሩ። ብዙ የአዲስ አበባ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው፣ ለቀብር ብቻ ይውል የነበረውን ገንዘብ በሕይወት ላለ ሕመምተኛ ማዋል ጀመሩ። ጸበል ገብተው መድኃኒት የሚያቆሙ በበዙ ጊዜ፣ በዚያን ጊዜ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 መድኃኒቱንና ጸበሉን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናገሩ። ያች አንዲት ቃል የስንቱን ሰው ጭንቀት እንዳቀለለች በዚያን ጊዜ የሠራን ነርሶች እናውቃለን።

ለልብ ሕሙማን ይህ ሁሉ ገና አልተደረገም። ጭንቀቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ለአንዱ ያዘጋጀነውን ለሌላው መንፈጋችን ያሳዝነኛል። የልብ ሕመም የሚያሳፍር ነገር ስለሌለው ድጋፍ የማያስፈልገው መስሎን ይሆናል።

ምን ይደረግ? መጀመሪያ ቤተሰብ። ሕመምተኛውን "ደኅና ነህ?" ብላችሁ ስትጠይቁት መልሱን አብራችሁ ሰጥታችሁታል። "ሌሊት እንዴት ታድራለህ?" በሉት፤ ከዚያ ጠብቁ። ዝም ቢል ዝምታውን አትሙሉበት። እንቅልፉ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላው፣ ይወደው የነበረው ነገር ሁሉ ከሰለቸው፣ "ባልታከምኩ ኖሮ" ማለት ከጀመረ፣ ይህ የመንፈስ ጭንቀት ሊሆን ይችላልና ለልብ ሐኪሙ ንገሩ። የአእምሮ ሕክምና እንደ ዱሮው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ የካ ኮተቤ ሆስፒታልም አገልግሎቱን ይሰጣል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሲጨነቅ መድኃኒቱን የመዝለል ዕድሉ ይጨምራል፤ ስለዚህ ጭንቀቱን ማከም ቫልቩን መጠበቅ ነው።

አስታማሚውንም አትርሱ። ክኒኑን በየምሽቱ የምታስታውስ፣ የትንፋሹን ድምፅ እየሰማች የምታነጋ እናት ወይም ሚስት አለች። እሷን ማንም አይጠይቅም። አንድ ከሰዓት ሄዳችሁ በሕመምተኛው ቤት ተቀመጡና እሷ ወጥታ ገበያ ትዙር፣ ፀጉሯን ትሠራ፣ ትተኛ። የንስሐ አባቶችና የመስጊድ ኢማሞችም እዚህ ትልቅ ቦታ አላቸው። በጾም ወቅት መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መጾም እንዴት እንደሚቻል ሕመምተኛው ከሐኪሙ ጋር እንዲመክር ካደፋፈሩት፣ ከእምነቱና ከሕይወቱ አንዱን የሚመርጥ አይመስለውም።

አንድ ከባድ ነገር ቀርቶኛል፤ ሳልናገረው መሄድ አልፈልግም። ስለ ሞት ነው። በባህላችን ክፉ ዜና ለሕመምተኛው አይነገርም፤ ሐኪሙ ዘመድ ጠርቶ ኮሪደር ላይ ይነግረዋል፤ ዘመድ ፊቱን አስተካክሎ ይገባል። ከፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ። በመሣሪያ የሚኖር ሰው ግን ስለ ሞት ሳያስብ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው፤ እኛ ዝም ስንል ብቻውን ያስባል። ፓምፕ ላይ ያሉ ሰዎች ደግሞ ይበልጥ የሚከብድ ጥያቄ አለባቸው፤ ሌላው ሰውነት ሲደክም ፓምፑን ማን ያጥፋው፣ መቼስ? ውጭ አገር ይህ ጥያቄ ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንዲነሣ ይመከራል። እኔ የምለው ሁሉንም ነገር በግድ ንገሩት አይደለም። "ስለ ሕመምህ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ? አንተ ባትችል ማን ይወስንልህ?" ብላችሁ ጠይቁት። ልጆቼን አደራ ማለት የሚፈልግ ሰው አደራውን የሚቀበለው ጆሮ ያስፈልገዋል።

ለዕድር ዳኞች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ደንባችሁን ስታዩ፣ በየወሩ ለምርመራ የሚሄድ አባል ሱቁን አንድ ሰው እንዲጠብቅለትና የታክሲውን እንዲሸፈንለት የሚል አንቀጽ ጨምሩበት። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ስሙን በጉባኤ መጥራትም አያስፈልግም፤ ጸሐፊው ብቻ ቢያውቅ ይበቃል። በተጨማሪም በሠፈራችሁ ቀዶ ሕክምና አድርገው ዓመታት የኖሩ ሰዎች ካሉ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ወረፋ ከሚጠብቁት ቤተሰቦች ጋር አገናኟቸው።

የእኔ ድርሻ እዚህ ላይ አበቃ። የሚቀጥለውን ሰዓት የምትወስደው በዚሁ ገበያ ቅመም የምትሸጥ፣ በደረቷ ቫልቭ ይዛ ብዙ ዓመት የሠራች እህታችን ናት። ብዙዎቻችሁ ታውቋት ይሆናል፤ ይህን ግን አታውቁም ነበር። ለመናገር የፈቀደችው ራሷ ናት። ጥያቄያችሁን መጀመሪያ ለእሷ አቅርቡ፤ ስለ መድኃኒቱ የሚነሣውን እኔ እመልሳለሁ።